ሙሽራዋን ያጀበው ጭስ

አንድ የስፖርት መኪና ያለው ሰው ነበረ። ቀይ፣ ከመሬት ዝቅ ያለ፣ ሲነሳ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የሚያስጮህ መኪና። ቆይ ሚልኪያስ፣ ገና ሳልጀምር አትሳቅ። መኪናን ባለበት ይዞ ጎማ ማጨስ ጉዳት ነው ወይስ ጨዋታ ብለህ ጠይቀኸኛል። መንዳት ያስተማርኩህ እኔ ነኝና መልሱም ከእኔ ይጠበቃል። እንግዲያው አርፈህ ስማ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይህን መጀመሪያ ያዝልኝ። ለቅሶ የማይቀር፣ የታመመ የሚጠይቅ፣ ደግ ሰው ነበር። ከተማዋ ትንሽ ናትና እንዲህ ያለ መኪና ያለው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሠርግ ያለበት ሁሉ ይለምነዋል፤ እሱም እምቢ ማለት አያውቅም። መኪናውን አሳጥቦ፣ አበባ አስሮ፣ ከአጀቡ ፊት ይሰለፋል። ሙሽራዋ ቤት ሲደርስ ፍሬኑን ይዞ ነዳጁን ይረግጣል። መኪናው ንቅንቅ አይልም፤ የኋላ ጎማዎቹ ብቻ እየጮሁ ይሽከረከራሉ። ጭሱ ሲነሳ ወጣቱ ያፏጫል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ኋላ ኋላ ያለዚህ ጭስ ሠርግ ሠርግ አልመስል አለ። ጉድ እኮ ነው!

በዚያች ከተማ አንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ያረጀ ሰው ልጁን ዳረ። የዱቄቱ ብናኝ ደረቱን ጎድቶት ትንሽ ሲራመድ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያለችው ይህቺው አንድ ልጅ ናት፤ የሚያገባት ደግሞ ሩቅ አገር ሊወስዳት ነው። «በአፌ መርቄ ልሸኛት እንጂ ሌላ አልመኝም» ይል ነበር። ልጅቱም ከአባቷ የምትፈልገው ይኸንኑ ነው። ጉልበቱን ስማ፣ ምርቃቱን በጆሮዋ ሰምታ መውጣት።

የሠርጉ ቀን አባትዬውን ከግቢው በር አጠገብ፣ ከዳሱ መግቢያ ላይ አስቀመጡት። ሙሽሮቹ ጉልበቱን ስመው ሳይመረቁ ከዚያ ቢነሳ ነውር ነው። ሙሽራዋ ቤት ውስጥ ናት፤ ሙሽራው ገብቶ ሳይወስዳት አትወጣም። ጓደኞቿ በር ይዘው ሚዜዎቹን አናስገባም ሊሉ ተዘጋጅተዋል። ሁሉም በወጉ ነው።

አጀቡ መጣ። ወደ ግቢው የሚያስገባው መንገድ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የግንብ አጥር፣ በሌላው በኩል ክፍት ቦይ። ቪዲዮ ቀራጩ ብድግ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ኋላህን ለበሩ ስጠው። ሙሽሮቹ ጭሱን ሰንጥቀው ሲወጡ ልቅረጻቸው፤ ደመና ነው የሚመስለው!» አለው። ሰውየው ሐሳቡን ወደደው። መኪናውን አዙሮ፣ ወደ ኋላ እየነዳ ገብቶ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጠ። መስታወቶቹን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። ቀዝቃዛ አየሩን ከፈተ፣ ሙዚቃውን ለቀቀ፣ ጀመረ።

ጭሱ በቀጥታ ዳሱ ውስጥ ገባ። አባትዬው ሳል ጀመረው። አጠገቡ ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ ሊነሳ ሲል ሌላው ኩታውን ያዝ አደረገው።

«ተው እንጂ! አክብሮን የመጣን ሰው አቁም ይባላል? የሙሽራው ወገንስ ምን ይለናል?»

ይሉኝታችንን አየህልኝ? አጠገባችን ሰው እየታፈነ እንግዳ እንዳይከፋው እንጨነቃለን። ይሄ ነገራችን አንድ ቀን ይጨርሰናል፣ እውነቴን ነው! አባትዬውም ቢሆን አንሱኝ አላለም። በልጄ ሠርግ ሰው አላስቀይምም ብሎ አፉን በጋቢው ይዞ ተቀመጠ። ሲብስበት እጁን ወደ መኪናው ዘረጋ፤ በቃ ማለቱ ነው። ሰውየው በስፖኪዮው አየው። የሚመርቀው መሰለውና ነዳጁን ጨመረበት።

አሁን ዳሱ ውስጥ ሰው ሰውን አያይም። ውጭ ያለው ያጨበጭባል፣ ውስጥ ያለው ያስላል። ጭሱ ለአፍታ ገለጥ ሲል ሙሽራዋ በመስኮት የአባቷ ራስ ወደ ደረቱ ዘንበል ሲል አየች። ከንፈሩ ጠቁሯል። ያን ጊዜ በር የያዙትን ጓደኞቿን ገፍታ ወጣች። «ኧረ የት ነው? ኧረ ነውር ነው!» ቢሏት ማን ሊሰማ! ቬሏን አፏ ላይ አድርጋ፣ ግንቡን እየዳበሰች፣ ጭሱ መሀል ገባች። አንድ ጎማ ቢንሸራተት ወይ መኪናው ቢያመልጠው ያለቀላት ነበረች። ሹፌሩ ጋ ደርሳ መስታወቱን በመዳፏ ደበደበችው።

ሰውየው ዞሮ አያት። ሙሽራዋ ራሷ ወጥታ! ደስታውን አልቻለም። ሳቀላት፣ አውራ ጣቱን አነሳላትና ስለ ክብሯ ሲል ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው።

ጎማው ፈነዳ። የጎማው ቁራጭ የዳሱን ሸራ ቀዶ፣ በሽማግሌዎቹ ራስ ላይ አልፎ ወደቀ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተደፋ። ልጅቱ በሩን በርግዳ ከፈተችው። ጭሱ ገባበት። ያን ሁሉ ሠርግ ሲያጅብ ኖሮ የራሱን ጭስ ሲስብ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ጉሮሮውን አንቆ ያዘው፣ ዓይኑ አነባ።

«አባቴ ሊሞት ነው!» አለችው።

«በዚህ አምጡት! በእሱ መኪና ሐኪም ቤት ይድረስ፣ እሱ ይፈጥናል!» እያሉ ሰዎች ጮሁ። ሰውየው ነዳጅ ሰጠ። መኪናው ተንገጫግጮ፣ ጎማ ባጣው ቸርኬ ብረቱ አስፋልቱን ፋቀና ወደ ቦዩ ተንሸራተተ። በዚያች ከተማ ከሱ የሚቀድም መኪና የለም፤ ያን ሰዓት ግን አንድ ክንድ እንኳ አልሄደልህም። እሱን ማለፍ ደግሞ አይቻልም፣ መንገዱን ዘግቶታል። ሙሽራውና ሚዜዎቹ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማቸው ቦዩ ውስጥ ገቡ። አባትዬውን ከነወንበሩ በትከሻቸው ተሸክመው፣ በተደረደሩት መኪኖች ጎን እየተጋፉ፣ ዋናው መንገድ ላይ አወጡት። የሙዚቃ ማጉያ የጫነች አሮጌ ፒክአፕ እዚያ ቆማ ነበር። ማጉያውን መሬት ላይ ወርውረው እሱን ጫኑት።

እንዴት ነው የምታየኝ? ሞተ ወይ ልትለኝ ነው? አልሞተም። ሐኪም ቤት ኦክስጅን አድርገውለት፣ ከብዙ ጭንቅ በኋላ ዓይኑን ገለጠ። ሙሽራዋ በዚያ በጠቆረ ቀሚሷ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። ሊመርቃት አፉን ሲከፍት ሳሉ ቀደመው። ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም ሳሉ። በመጨረሻ እጁን ራሷ ላይ ጫነና አለቀሰ። መንገደኞቹ መሄድ ነበረባቸው። ያቺ ልጅ የአባቷን ምርቃት በጆሮዋ ሳትሰማ ሄደች።

ባለመኪናው ኮሪደሩ ላይ ጠብቋት ነበር። «እህቴ፣ በእግዜር ይዤሻለሁ፣ ለጨዋታ ነው እኮ ያደረግኩት። የነገረኝ ሰው አልነበረም» አላት።

«እኔ ነግሬህ ነበር። መስታወትህን ስደበድብ ሳቅክልኝ» አለችው።

ይኸው ነው። እንግዲህ ሚልኪያስ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ክፉ አይደለህም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ወሬ አላባክንብህም ነበር። ጎማህ ያልቃል፣ ሞተርህ ይጎዳል ብዬ ልመክርህ እችል ነበር፤ እሱን ግን ጋራዥ ይነግርሃል። እኔ የምነግርህ አንተ ጥያቄውን መስታወት ዘግተህ እንደጠየቅከኝ ነው። ከውስጥ ሲታይ ጨዋታ ነው፤ አዎ፣ ደስ ይላል፣ አልዋሽህም። ጉዳቱ ያለው ውጭ ነው፣ ውጭ ያለው ሰው ደግሞ አይነግርህም። ትናንት ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ በር ላይ ጎማ ስታጨስ ቆመው ሲያዩህ ነበር። ቅድም «እሳቸው እንኳ ወደውት ፈገግ ብለው አዩኝ» አልከኝ። ደረቱን የሚያመው የልጅ ልጃቸው ውስጥ ተኝቷል፣ ይህን ታውቃለህ? ፈገግ ያሉት አንተን እንዳያስቀይሙ ነው።

እኔን አትጠይቀኝ። መኪናህን እዚሁ ተወውና በእግርህ ሄደህ እሳቸውን ጠይቃቸው። መጀመሪያ «ኧረ ምንም አይደል ልጄ» ይሉሃል። አንተ ግን ቁም፣ እውነቱን እስኪነግሩህ ድረስ ከበራቸው እንዳትሄድ።