የመስቀል ዋስ፣ የፋሲካ ዕዳ

አንድ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የአያ ጅቦ እናት ሞተችና ለተዝካሯ የሚታረድ ጠፋ። ሐሜት አይሁንብኝና፣ ጅብ ቤት ምን ይተርፋል! ተነሥቶ ብዙ በግ ካላት ከእሜት ቀበሮ ደጅ ሄደ።

«አንድ የበግ ሙክት አበድሪኝ፤ ለመስቀል እመልሳለሁ።»

«ላንተ? ዋስ ጥራ!» አለችው።

ያልዞረበት ደጅ የለም። በመጨረሻ አህይት ዘንድ ሄዶ አለቀሰ። እሷም የእናት ነገር ሆነባት። ሞኝ ናት አትበሉ፤ ለቅሶ አይታ እምቢ ማለት የማትችል ስንት አለች። በአንበሳ ፊት ቆማ፣ «ለመስቀል አንድ ሙክት ባይከፍል ውርንጭላዬን እሰጣለሁ፤ አንበሳ ይሙት!» ብላ ማለች። የዚያን ጊዜ መሐላ እንዲህ ነበር፤ አንበሳም ሰምቶ አይቆጣም።

መስቀል ደረሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አያ ጅቦ ሙክቱን ይዞ መጣ። ከየት እንዳመጣው አትጠይቁኝ። እሜት ቀበሮ ግን የላቱን ስፋት ስታይ ስስት ያዛት።

«አያ ጅቦ፣ ምን አስቸኮለህ? ይህን አንተው ብላው። ለፋሲካ ሁለት ታመጣልኛለህ።»

«አህይትስ አትሰማም?»

«እሷን ምን አገባት! በእኔና ባንተ መካከል ይቅር።»

በጉ ቤት አልደረሰም። ፋሲካ መጣ፤ የአያ ጅቦ እጅ ባዶ ነው። እሜት ቀበሮ ገመድ ይዛ አህይት ደጅ ቆመች።

አህይት ውርንጭላዋን ከሆዷ ሥር ሸሸገችው። «እሜት ቀበሮ፣ በእናትሽ፣ ጡት እንኳ አልጣለም።»

«ስትምዪስ ጡት ጥሎ ነበር?»

«እንግዲያው አንበሳ ይፍረደን!»

አንበሳ ከሥሩ ተቀምጦ ወደሚፈርድበት ዋርካ ሲሄዱ እሜት ቀበሮ ለአያ ጅቦ፣ «ለመስቀል ምንም አላመጣሁም በል፤ የውርንጭላውን አንድ እግር እሰጥሃለሁ» ብላ በጆሮው ነገረችው።

አንበሳ ጠየቀ፦ «አያ ጅቦ፣ ለመስቀል ምን ይዘህ መጣህ?»

«ምንም።»

«ለእናትህ ተዝካር ተበድረህ፣ አንዲት ግልገል እንኳ አጣህ? አንተስ ከጅብም የመጨረሻ ነህ።»

አያ ጅቦ ጠጉሩን አቆመ። «እኔ! ላቱ መሬት የሚጠርግ ሙክት ጎትቼ ነው የመጣሁት! እሷ ናት ‹ብላው፣ ለፋሲካ ሁለት ታመጣለህ› ያለችኝ! አጥንቱን ሳላስቀር በላሁት!»

አንበሳ ወደ አህይት ዞረ።

«አህይት፣ ይህን ታውቂ ነበር?»

«ጌታዬ፣ ዛሬ መስማቴ ነው። ባውቅማ ያን ዕለት ጅራቱን ይዤ በጉን አስረክበው ነበር።»

አንበሳ ተነሥቶ ፈረደ። «እሜት ቀበሮ፣ አህይት የቆመችው ለመስቀልና ለአንድ በግ ነው። ዕዳው እጅሽ ሲገባ መለስሽው፤ ቀኑን ገፋሽ፤ አንዱን በግ ሁለት አደረግሽው፤ ዋስሽን ግን አልጠራሽም። ዋስነቷ ያኔውኑ ወርዷል። በጎችሽን ከጅቡ ጠይቂ።»

«ከጅብ? ከጅብ ምን አገኛለሁ?»

«እሱን መስቀል ዕለት ማሰብ ነበር።»

አህይት አላናፋችም፣ አልፎከረችም። ውርንጭላዋን ከፊት አስቀድማ ቁልቁለቱን ወረደች።

ከዚህ የምንማረው ዋስ የሚታሰረው ቆሞ በሰማው ቃል ብቻ መሆኑን፣ አበዳሪና ተበዳሪ ተደብቀው ለለወጡት ውል ግን የዋስ ልጅ እንደማይከፍል ነው።