ኮፒ አልሆንም ያለው ባክአፕ

ተረት አለኝ። ለመስማት ጆሮ ይበቃችኋል፤ የትብብር ደብዳቤ አልጠይቅም።

በአንዲት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል የምትሠራ ሲስተር ሽታዬ የምትባል ነርስ ነበረች። የፈለገችው አንዲት ገጽ ብቻ ነው። ጋሽ ጥላዬ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ አንጀታቸው ተጠምዝዞ በጠዋት መጥተዋል፤ ሐኪሙ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ አልጠብቅም ብሏል። ከስድስት ዓመት በፊት እዚሁ ሲታከሙ አንድ የማደንዘዣ መድኃኒት ልባቸውን አቁሞት ነበር፤ በስንት መከራ ነው የተረፉት። የመድኃኒቱ ስም ማን ነበር ሲባሉ «በመርፌ የሚሰጥ ነው» ይላሉ። ስሙ ያለው ፋይላቸው ላይ ነው፤ ፋይላቸው ያለው ዳታቤዝ በሚባለው የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ነው። ዳታቤዙን ደግሞ ባለፈው ሳምንት አንድ ትጉህ ሠራተኛ «ቦታ ለማስለቀቅ» ብሎ ሰርዞታል። በእርግጥም ብዙ ቦታ ተለቋል።

ሽታዬ የሆስፒታሉ መረጃ ወደሚጠበቅበት ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች። ስልኩን ያነሳው እንዳሻው የሚባል የዳታቤዝ ባለሙያ ነው። አትጨነቂ፣ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ አለን አላት። ባክአፑ ክላውድ ላይ ነው፤ ክላውድ ማለት ሰማይ ላይ ያለ የሚመስል፣ ግን ሰው አገር የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። የመሥሪያ ቤቱ አዋቂዎች ለጥንቃቄ ብለው ባክአፑን ሌላ ሪጅን፣ ማለትም ባሕር ማዶ ያለ ማከማቻ ውስጥ፣ ያውም ሌላ ጠባቂ ባለው አካውንት አስቀምጠውታል። ማንም እንዳያጠፋው ተደርጎ ተቀምጧል፤ ማንም እንዳያገኘውም ጭምር። እንዳሻው ወደ እኛ ኮፒ ሁን ብሎ አዘዘው። ባክአፑ ተቆልፌያለሁ፣ ቁልፍ ካልመጣ ኮፒ አልሆንም አለ።

እንዳሻው ወደ ቁልፉ ሄደ። ይህ ቁልፍ የብረት አይደለም፤ ረጅም ቁጥር ነው፤ ኩራቱም የቁመቱን ያህል ነው።

«ቁልፍ ሆይ ክፈት፤ ባክአፕ ኮፒ አልሆንም አለ፤ ገጿ አልመጣችም፤ ጋሽ ጥላዬ አልጋ ላይ ናቸው።»

ቁልፉ ከሌላ አካውንት ለመጣ ሰው አልከፍትም፣ ፈቃድ አምጣ አለ።

ፈቃድ ሰጪው የዚያኛው አካውንት ጠባቂ አቶ ምንተስኖት ናቸው። አካውንታቸው ባሕር ማዶ ይሁን እንጂ ቢሯቸው ከእንዳሻው ቢሮ ሦስት በር አልፎ ነው።

«አቶ ምንተስኖት ይፍቀዱ፤ ቁልፍ አልከፍትም አለ፤ ባክአፕ ኮፒ አልሆንም አለ፤ ገጿ አልመጣችም፤ ጋሽ ጥላዬ አልጋ ላይ ናቸው።»

አቶ ምንተስኖት በጣም እንዳዘኑ ተናገሩ። ፈቃዱ አንዴ ተጫን ተደርጎ የሚያልቅ መሆኑንም አልካዱም። ነገር ግን ደብዳቤ ይጻፍልኝ አሉ። ከማን ለማን ብሎ ቢጠይቃቸው ከመሥሪያ ቤቱ ለመሥሪያ ቤቱ አሉት።

እንዳሻው ደብዳቤውን ጻፈ፤ ከታች «ከሰላምታ ጋር» ማለትንም አልረሳም። ደብዳቤው ግን ማህተም ካላረፈብኝ ተራ ወረቀት ነኝ አለ። ማህተሙን ወይዘሮ ዘመናይ በጨርቅ ጠቅልላ፣ በቦርሳዋ ከትታ፣ ቦርሳውን እቅፏ ውስጥ ታኖረዋለች።

«ወይዘሮ ዘመናይ ማህተም ምቺ፤ ምንተስኖት ያለ ደብዳቤ አልፈቅድም አሉ፤ ቁልፍ አልከፍትም አለ፤ ባክአፕ ኮፒ አልሆንም አለ፤ ገጿ አልመጣችም፤ ጋሽ ጥላዬ አልጋ ላይ ናቸው።»

እሷም የኃላፊው ፊርማና ቲተር በሌለበት ማህተም መትታ እንደማታውቅ፣ ዛሬም እንደማትጀምር ነገረችው።

ኃላፊው አራተኛ ፎቅ ስብሰባ ላይ ናቸው። አጀንዳው «አስቸኳይ አገልግሎትን ማቀላጠፍ» ሲሆን ውይይቱ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። እንዳሻው በበሩ ስንጥቅ ብጣሽ ወረቀት አስገባ። መልሱ ተጽፎ ወጣ፤ ስብሰባው ሳይነሳ አልወጣም ይላል። ስብሰባው መቼ ይነሳል ብሎ ጸሐፊዋን ጠየቃት። ምሳ ሳይመጣ አይነሳም፣ እስካሁንም እንዲህ ነው አለችው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሽታዬ ደውላ ሐኪሙ እጁን ሊታጠብ ነው አለችው።

ምሳ የምታበስለው እትዬ ፋንታዬ ምድር ቤት ናት። እንዳሻው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ፤ በሩን ተደግፎ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ያወርደው ጀመር።

«እትዬ ምሳ ያቅርቡ፤ ስብሰባው ያለ ምሳ አልነሳም አለ፤ ኃላፊው አልወጣም አሉ፤ ዘመናይ ማህተም አልመታም አለች፤ ምንተስኖት አልፈቅድም አሉ፤ ቁልፍ አልከፍትም አለ፤ ባክአፕ ኮፒ አልሆንም አለ፤ ገጿ አልመጣችም፤ ጋሽ ጥላዬ አልጋ ላይ ናቸው።»

እትዬ ፋንታዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አሳየችው። ስብሰባ ሳይነሳ ምሳ እንዳይቀርብ ይላል፤ ማህተም አለው፣ ቲተር አለው፣ ቁጥር አለው። ስብሰባው ምሳን ይጠብቃል፤ ምሳው ስብሰባውን ይጠብቃል። ሁለቱም መመሪያ አክባሪ ናቸው። እንዳሻው መሬት ላይ ተቀመጠ።

እትዬ ፋንታዬ ግን ማስታወቂያውን ትታ እሱን አየችው።

«ቆይ ልጄ፣ ማን ናቸው አልጋ ላይ ያሉት?»

ከጠዋት ጀምሮ ይህን የጠየቀ አልነበረም። አስተማሪ ናቸው፣ መድኃኒቱ ካልታወቀ ይሞታሉ አላት። ሌላ አልጠየቀችም። የበግ ቅቅሉን ትሪ ከነድስቱ አነሳችና ደረጃውን ወጣች፤ የአዳራሹን በር በክርኗ ገፍታ ገባች።

ምሳው ሲገባ ስብሰባው ተነሳ፤ በሦስት ቀን ውስጥ በሙሉ ድምፅ የተስማማው በዚህ ብቻ ነው። ስብሰባው ሲነሳ ኃላፊው ወጡ፤ ዓይናቸውን ከትሪው ሳያነሱ ፈረሙ፤ ቲተሩም አረፈ። ፊርማው ሲታይ ዘመናይ ማህተሙን መታች። ማህተሙ ሲያርፍ ወረቀቱ ደብዳቤ ሆነ። ደብዳቤው ሲደርስ ምንተስኖት ፈቀዱ። ሲፈቅዱ ቁልፉ ከፈተ። ቁልፉ ሲከፍት ባክአፑ ባሕር ተሻግሮ፣ ካንዱ አካውንት ወደ ሌላው አካውንት ኮፒ ሆነ። ይህ ሁሉ መንገድ ዐሥር ደቂቃ ፈጀበት። ከዚያ ገጿ መጣች።

ሽታዬ ገጿን ይዛ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሮጠችና የመድኃኒቱን ስም ጮክ ብላ አነበበች። የማደንዘዣ ባለሙያው እጁ ላይ የያዘውን መርፌ አየ። ቀጥሎ እሷን አየ። መርፌውን ማስወገጃው ውስጥ ጣለና ሌላ መድኃኒት ቀዳ።

ጋሽ ጥላዬ ወደ ማምሻው ዓይናቸውን ገለጡ። ጣሪያውን አዩ፣ ሽታዬን አዩ።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምሩት?» አሏት።

ሽታዬ ቀዶ ሕክምናው አልቋል አለቻቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።