የአንጓች ጣራ ወደ ኮረብታው የወጣበት ሻሽ

ተረቴ ከአንድ ሻሽ ይጀምራል። አምና ባሕሩ ሞልቶ የይታይሽን ደጅ ሲረግጥ፣ ሰፈሩ በወንፈል ተጠራርቶ የጎጆዋን ጣራ ከነክዳኑ ተሸክሞ ኮረብታው ላይ አወጣላት። ጎረቤቷ አንጓች ግን ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ፣ «ራሴን፣ ራሴን» እያለች ተኛች። ራሷን አላመማትም። ያመማት ሸክሙ ነበር፣ እሱንም ሳትሸከመው።

ዘንድሮ ባሕሩ የአንጓችን ደጅ ረገጠ። ድስቷ ተንሳፈፈ፤ ዶሮዋ አልጋው ላይ ወጣች። ለሰው ወንፈል ያልሄደ ለራሱ ሰው መጥራት አይችልም፤ ስለዚህ አንጓች ጣራውን ለመነች።

«ጣራዬ፣ ኮረብታው ላይ ውጣልኝ።»

«ከሥሬ መሸከሚያ አግዳሚ ሳይገባልኝ አልነሣም» አለ ጣራው።

አግዳሚውን ለመነች። «ገመድ ሳያስረኝ አልገባም» አለ። አግዳሚው ካልገባ ጣራው አይነሣ፤ ጣራው ካልተነሣ አንጓች ከነዶሮዋ መስጠሟ ነው።

ገመዱን ለመነች። «በስብሻለሁ፤ በአዲስ ደንገል ካልተገመድሁ አላስርም» አለ። ገመዱ ካላሰረ አግዳሚው አይገባ፤ አግዳሚው ካልገባ ጣራው አይነሣ፤ ጣራው ካልተነሣ አንጓች ከነዶሮዋ መስጠሟ ነው።

ደንገል ፍለጋ ወጣች። በባሕሩ ዳር በቅሎ ውኃውን ያግድ የነበረውን ራሷ ዐጭዳ ጨርሳዋለች፤ ባሕሩም መንገድ ያገኘው በዚያው ነው። የማዶው ደንገል፣ «ካሴ በታንኳው ካላመጣኝ በዋና አልመጣም» አላት።

የይታይሽን ባል ካሴን ለመነች። «ሚስቴ ስንቄን ሳትቋጥርልኝ መቅዘፊያ አልነካም» አለ፣ ቀና ብሎም ሳያያት።

ይታይሽ ኮረብታው ላይ፣ ደረቅ ደጇ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«ይታይሽ እታለም» አለች አንጓች እያለከለከች፤ «ስንቁን ካልቋጠርሽ ካሴ አይቀዝፍ፤ ካሴ ካልቀዘፈ ደንገሉ አይመጣ፤ ደንገሉ ካልመጣ ገመዱ አያስር፤ ገመዱ ካላሰረ አግዳሚው አይገባ፤ አግዳሚው ካልገባ ጣራው አይነሣ፤ ጣራው ካልተነሣ እኔ ከነዶሮዬ መስጠሜ ነው።»

«እንጨትና ገመድ ከምትለማመጪ ሰው አትጠሪም ነበር?»

«ማን ይመጣልኛል?»

ይታይሽ ምስሩን ተወችው። «አምና ራስሽን ምን ነበር ያመመሽ?»

ሻሹ አሁንም ግንባሯ ላይ ነበር፤ እንዳይነቃባት ስትል ዓመቱን ሙሉ ሳትፈታው ከርማለች። ፈታችው።

«ምንም» አለች። «ጣራሽ ከበደኝ፤ ተኛሁ።»

«እሱንማ ዶሮሽም ታውቃለች። ካንቺ አፍ እስኪወጣ ነው የጠበቅነው። በይ፣ ሻሹን ወዲህ አምጪው፤ መቋጠሪያ አጥቻለሁ።»

ሻሹ ስንቁን ቋጠረ፤ ስንቁ ካሴን አስቀዘፈ፤ ካሴ ደንገሉን አመጣ፤ ደንገሉ ገመድ ሆነ፤ ገመዱ አግዳሚውን አሰረ፤ አግዳሚው ጣራው ሥር ገባ፤ ከአግዳሚውም ሥር ሰፈሩ ሁሉ ገባ። ጣራው ተነሣ። ዶሮዋ ጫፉ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጣ ወጣች።

አንጓች ከፊት ተሸከመች። «ራስሽን እንዳያምሽ» አሏት ከኋላ። አሟት ነበር፤ ይህኛው እውነት ነው። ሸክሙን ግን እስከ ኮረብታው አላወረደችም።

በማግስቱ ካሴ ከነሥሩ ካመጣው ደንገል የተረፈውን ሥር ባሕሩ ዳር ስትተክል ዋለች። ተረቴም ደረቅ መሬት ደረሰ። ሰፈሩ ይቅር ብሏታል፤ እናንተም አንጓችን ይቅር በሏት።