ቁጡው ጎሽና መዥገር ለቃሚዋ ወፍ

ተረት ተረት ካላችሁኝ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ። በአንድ ወንዝ ዳር የቀረበውን ሁሉ የሚረግጥ ቁጡ ጎሽ ነበር። ድኩላዎች ውሃውን እያዩ በጥም ያልቁ ነበር። አንዲት መዥገር ለቃሚ ወፍ ግን ጀርባው ላይ አረፈች። ሲወራጭ ትበራለች፤ ለአፍታ ጸጥ ሲል ተመልሳ የሚያሳክከውን አንድ መዥገር ትነቅልለታለች። ቀን በቀን ጸጥታው እየረዘመ ሄደ።

በበጋው ማብቂያ አንዲት እናት ድኩላ ግልገሏን ይዛ እየተንቀጠቀጠች መጣች። ጎሹ እንደ ተራራ ቆሞ ቀረ። ግልገሏም በሆዱ ሥር አልፋ ጠጣች።

«እሜቴ ወፍ፣ ይህን ሁሉ ጉልበት በምን አሰርሽው?» አለች ድኩላዋ።

«ኧረ አላሰርኩትም! ጸጥ ባለ ቁጥር መጣሁለት እንጂ።»

ድኩላዋ ውሃ መጠጣቱን ረስታ ወፊቱን ቀና ብላ አየቻት። ወፊቱ የጎሹን ጆሮ እንኳ አታክልም ነበር።