ዝምታን የቀዳው ቴፕ

አንድ ጋሽ ውብሸት የሚባሉ ስመ ጥር አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። ባልና ሚስት ቢጣሉ፣ ወሰንተኛ ቢጋጭ፣ ቀድመው የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። አንደበታቸው ማር ነው፤ ተረቱን ከምሳሌው እያዋዙ ሲናገሩ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማቸዋል። አንድ ጠብ ብቻ አቃታቸው።

ጠቡ የእህትና የወንድም ነው። እታገኝ የምትባል ሴት በሩቅ አገር አራስ ሳለች አባቷ ሞቱ። ታላቅ ወንድሟ ደርበው “ለአራስ መርዶ አይነገርም” ብሎ ደበቃት፤ የሰማችው አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው። “አባቴን ሳልቀብር አስቀረኸኝ” ብላ፣ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላም፣ ይኸው ሦስት ዓመት አኩርፋዋለች። አሁን ደርበው የመጀመሪያ ልጁን ሊድር ነው፤ እታገኝ የሌለችበት ሠርግ ደግሞ ለእሱ ሠርግ አይደለም። ጋሽ ውብሸት ሁለት ጊዜ አስቀመጧቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ እታገኝ “እኔ ያልኩት እንዲህ አይደለም” እያለች ተነሥታ ሄደች።

ሽማግሌው መላ ዘየዱ። “የሚባለውን ሁሉ የሚቀዳ ማሽን ልግዛ፤ ከዚያ ወዲያ ‘አላልኩም’፣ ‘አልሰሙኝም’ የሚል ሰው አይኖርም” አሉና ወደ ገበያ ወረዱ።

ያገለገሉ ዕቃዎች በሚሸጡበት ተራ ይማም የሚባል ነጋዴ ነበር። ሁለት ዲጂታል ቴፕ መቅጃዎች አወጣላቸው። ካሴታቸው ከመዳፍ ያነሰች፣ ድሮ የሬዲዮ ጋዜጠኞች በትከሻቸው አንጠልጥለው ይዞሩባቸው የነበሩ ዓይነት ናቸው። አንደኛው ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ሌላው ተፋፍቆ ቀለሙን ለቋል።

“የሚያብረቀርቀውን ስጠኝ” አሉ ጋሽ ውብሸት፤ ወዲያውም ማይኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው “ሀሎ! ሀሎ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!” ማለት ጀመሩ።

ይማም ፈገግ አለ። “ጋሼ፣ መቅጃ በጩኸት አይፈተንም። ጩኸትማ የትኛውም ይቀዳል። ደህናው የሚለየው ዝምታ ሲቀዳ ነው። ዝም ብለን እንቅዳና እንስማው፤ የራሱን ነገር ካልጨመረ ይግዙት።”

“በዚህ ገበያ መሃል ምን ዝምታ አለና?”

ይማም ከሱቁ ወጣ ብሎ እጁን አነሣ። “ወገኖቼ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ!” አለ። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ መዶሻውን አስቀመጠ። ካሴት ሻጩ ዘፈኑን አጠፋ። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ላይ አነሣች። ጋሽ ውብሸት እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም፤ ገበያ ለሹም እንኳ ዝም አይልም። ለይማም ግን ዝም ይላል፤ በዚያ ተራ የተበላሸ ዕቃ “ደህና ነው” ብሎ ሸጦ የማያውቅ እሱ ብቻ ነውና።

ሁለቱም ማሽኖች አንድ ደቂቃ ቀዱ። ከዚያ ይማም የሚያብረቀርቀውን ከፈተው። እንደሚንጣጣ ዘይት “ሽሽሽሽ” እያለ፣ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ውጦ እስከ መጨረሻው ዘለቀ።

“አዩ ጋሼ? ማንም ሳይናገር እሱ ይናገራል።”

አሮጌውን ከፈተው። ጸጥ ያለ ነው። ከሩቅ የጋሪ ፈረስ ቃጭል ይሰማል፤ ሌላ ምንም የለም። ወዲያው ግን አንድ ድምፅ ጥርት ብሎ “ጀመረ እንዴ?” አለ። ጥቂት ቆይቶም “አሁንስ አልበቃም?” ሲል ጠየቀ። የጋሽ ውብሸት ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዋ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

“ማሽኑ ደህና ነው፣ ጋሼ” አለ ይማም፣ እሱ ሳይስቅ። የሚያብረቀርቀውን ሸጦ ብዙ ማትረፍ ሲችል አሮጌውን ጠቅልሎ ሰጣቸው።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ውብሸት እህትና ወንድሙን ቤታቸው አስቀምጠው ማሽኑን መሃል በርጩማ ላይ አኖሩት። ወሬው እንደ ወትሮው ሄደ፤ እታገኝም እንደ ወትሮው ተነሣች።

“ዛሬም አልሰሙኝም፣ ጋሽ ውብሸት።”

“እንዴት አልሰማሁሽም? ይኸው ተቀድቶ የለም እንዴ!”

“እንግዲያው ይስሙታ!” ብላ ወጣች።

ሽማግሌው ትክክለኛነታቸውን ሊያረጋግጡ ብቻቸውን ተቀምጠው ከፈቱት። እታገኝ “አባቴ ሲታመም እኔ…” ስትል አንድ ድምፅ “ልጄ፣ ለአራስ እኮ መርዶ አይነገርም” ይላል። ደርበው “እኔማ የዚያን ቀን…” ሲል ያው ድምፅ “በሉ፣ ያለፈውን ተዉትና ይቅር ተባባሉ” ይላል። አንዷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ተረት፣ አንዱ ሊመልስ ሲል ምሳሌ። ካሴቱ ሙሉውን እሳቸው ናቸው።

“ለካስ ያ የሚያብረቀርቀው ማሽን እኔ ነኝ” አሉ፤ ክፉኛም አፈሩ። ነገር ግን ካሴቱን አልወረወሩትም፤ ማሽኑንም አልረገሙትም። በሰባ ዓመቱ፣ አገር እያጨበጨበለት፣ ጥፋቱን በገዛ ጆሮው ሰምቶ የሚቀበል ሰው ከስንት አንድ ነው! ማልደው ምርኩዛቸውን ይዘው እታገኝ ቤት ድረስ ሄዱ። “አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጄ። አፌን አልከፍትም” ብለው ለመኗት።

ለአራተኛ ጊዜ ተቀመጡ። እታገኝ ተናገረች፤ ብዙ ተናገረች። በጋሽ ውብሸት ምላስ ላይ ሦስት ተረት መጣ፤ ሦስቱንም ዋጡት። በመጨረሻ “አባቴ ስሜን ጠርቶ እንደሆነ እንኳ አላውቅም” ብላ ዝም አለች።

ደርበው አቀረቀረ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሽማግሌው የሚገቡባት ቀዳዳ ይህች ነበረች። ጥርሳቸውን ነክሰው ጠበቁ። ጸጥታው እየረዘመ ሄደ።

“ጠርቶሻል” አለ ደርበው። “‘እታገኝ እንዳትሰማ፤ ወተቷ ይደርቃል፤ ሕፃኑ ይጎዳል’ ያለኝ አባባ ራሱ ነው። አስምሎኝ ነው የሞተው።”

“ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?”

“ሙት ላይ ከምትቀየሚ እኔ ላይ ተቀየሚ ብዬ ነዋ፣ እቴ።”

ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፤ የደርበው ሆድ ይህን ሁሉ ችሎ ነበር። እታገኝ ወንድሟ አንገት ላይ ተጠምጥማ ያላለቀሰችውን የአባቷን ለቅሶ አለቀሰች። ጋሽ ውብሸትም እንባቸው ወረደ፤ ቃል ግን አልወጣቸውም። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋን እጇን ይዛ ያስወጣቻት አክስቷ እታገኝ ናት።

ከሠርጉ በኋላ ጋሽ ውብሸት በገበያው ሲያልፉ ይማም ከሱቁ ብቅ አለ።

“ማሽኑ እንዴት ሆነልዎ፣ ጋሼ?”

“ማሽኑማ ድሮም ደህና ነበር” አሉ። “የተጠገንኩት እኔ ነኝ።”

ወዳጄ ሆይ፣ ብዙዎቻችን ሰው ችግሩን ሲነግረን የምንቀዳው የራሳችንን ድምፅ ነው። ምክራችን ያብረቀርቃል፤ የተናጋሪው እውነት ግን ከሥሩ ተቀብሮ ይቀራል። መስማት ማለት ከራስ ምንም ሳይጨምሩ መቀበል ነው። አንዳንድ እውነት ደግሞ የሚወጣው ሌላው ሰው ዝም ብሎ ሲጠብቀው ብቻ ነው።

ለመሆኑ ትናንት አንድ ሰው የልቡን ሲያጫውትህ ተቀድቶ ቢሆን ኖሮ፣ በካሴቱ ላይ የሚበዛው የማን ድምፅ ነው?