የቀበሮ ሱቅ እርጎ

አንድ ጊዜ፣ አውሬ ሁሉ በገበያ ቀን ላይበላላ ተማምሎ በሚኖርበት ጫካ ውስጥ፣ አንዲት አንበሲት አንድ ደቦል ወለደች። ደቦል ማለት የአንበሳ ግልገል ነው፤ ይህን የምለው ለማታውቁት ነው፣ የምታውቁት ዝም ብላችሁ ስሙ። እናቱ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ «ዱርፈራው» ብላ ስም አወጣችለት። እሱን ግን እንኳን ዱር ዝንብም አልፈራውም። አፍንጫው ላይ ሰፍራ እግሯን ትጠርግ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንበሲት በወለደች ሰሞን ንዳድ ያዛትና ጡቷ ደረቀ። ልጁ ሥጋ እንዳይበላ ጥርስ የለው፤ ሣር እንዳይግጥ አንበሳ ነው። ምን ታድርግ? ከአደኗ ላይ ሙዳ ሙዳ እየሰጠች ከቀበሮ ሱቅ እርጎ ታመጣለት ጀመር። የቀበሮ እርጎ በኮባ ቅጠል ተከድኖ በኩባያ የሚሸጥ፣ ከላዩ የሰባች ላም የተሳለችበት፣ መልኩ ሮዝ፣ ጣዕሙ ማር የሆነ እርጎ ነው። ዱርፈራው ሲወደው ለጉድ ነው! እርጎውን ይልሳል፣ ኩባያውን ይልሳል፣ የእናቱን መዳፍ ይልሳል፤ ሆዱም እንደ ከበሮ ይነፋል። እግሩ ግን አይጸናም። ቆመ ሲሉት እጥፍ ብሎ ይወድቃል።

የአንበሶች መንጋ ደግሞ በጋው ሲገባ ወንዙን ተሻግሮ ይሄዳል። መራመድ ያልቻለ ግልገል እዚያው ይቀራል። የቀረ ግልገል ምን እንደሚሆን አያ ጅቦን መጠየቅ ነው። አንበሲት ይህን እያሰበች እንቅልፍ አጣች።

ጎረቤቷ እመት ጦጢት ነበረች። ጦጢት «ለምን» የምትል ቃል ከአፏ አትጠፋም። ፀሐይ ለምን ትጠልቃለች፣ ኤሊ ለምን አትቸኩልም፣ ጉማሬ ለምን አያፍርም ትላለች፤ ያልጠየቀችው ያለ እንደሆነ ገና ያላየችው ነው። አንድ ጠዋት ከዛፍ ላይ ተዘቅዝቃ ዱርፈራውን ስታየው ቆየችና ጀመረች።

«አንቺ እሜቴ፣ ይሄ ልጅ ይበላል?»

«ይበላል እንጂ! ኩባያውን ካልነጠቅሁት መች ይተወዋል።»

«ታዲያ የበላው የት ይሄዳል?»

 የአንበሲት ዓይን እንባ ሞላ። «እኔ ምን አውቄ ጦጢት! እርጎ አጠግበዋለሁ፣ እሱ እንደሆነ ከቀን ቀን ይልፈሰፈሳል።»

«እርጎ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ላም ተስላበታለቻ!»

ጦጢት ከሳቋ ብዛት ከዛፉ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ! እሜቴ፣ ላሟማ ያለችው ውጭ ነው። ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

አንበሲት ይህን ጠይቃ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ጥያቄው ሆዷ ገባና አላስቀምጥ አላት።

የገበያው ቀን ሲደርስ ሁለቱም ቀበሮ ሱቅ ሄዱ። በሩ ላይ አያ ጅቦ ተጎልቷል። ሥራው ቀማሽነት ነው። ገዢ ሲመጣ አንድ ኩባያ እርጎ በአንድ ትንፋሽ ይገለብጥና «ግሩም ነው!» ይላል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለእኛም በተገኘ!

ቀበሮ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቶ ከውስጥ ብቅ አለ። «እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ! ዱርፈራው እንዴት ነው? ጨምሯል አይደል?»

«ጨምሯል፣ ሆዱ» አለች ጦጢት። «ያሉህን እርጎዎች ሁሉ አውጣ። ልናወዳድር ነው።»

«እርጎ ከእርጎ ይወዳደራል እንዴ?» አለ ቀበሮ እየሳቀ። ግን አንበሲት ቆማ እያየችው ስለነበር ሳቁን ዋጥ አደረገና ሁለት ኩባያ አወጣ። አንዱ ያው ዱርፈራው የሚወደው ሮዙ ነው። ሁለተኛው ነጭና ወፍራም፣ «የባላባት እርጎ» የሚባል ነው።

ጦጢት አንገቷን አስግጋ መደርደሪያው ሥር አየች። «ያስ? ያ ላም የሌለበት?»

«ኤዲያ! እሱንማ ተይው። የፍየሊት ነው። እዩት፣ ውኃ አቅርሯል። እኔ እንኳ በይሉኝታ ነው ያስቀመጥሁላት።»

«እሱንም አምጣው» አለች አንበሲት።

ሦስቱም እርጎዎች ገበያው መካከል ካለው ዋርካ ሥር ተደረደሩ። ወሬ ክንፍ አለው፤ ሚዳቋውም ከርከሮውም ጃርቱም ከበበ። አያ ጅቦ ማንም ሳይጠራው መጣና ምራቁን እያዝረበረበ «ቀማሹ እኔ ነኝ!» አለ። ከሱቁ ከሦስቱም ሌላ አንድ አንድ ኩባያ አምጥተው ሰጡት። ትንፋሽ ሳይሰበስብ ገለበጣቸው።

«እሺ አያ ጅቦ፣ የቱ ይበልጣል?»

አያ ጅቦ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ላቡ መጣ። በመጨረሻ «ከሁሉም የሚበልጠው ብዙው ነው» አለ።

ቀጥሎ ጦጢት ሮዙን በጣቷ ጠቅሳ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። «ይጣፍጣል! ልጁ እውነቱን ነው። ግን ቆይ... ጣፍጦኝ ሲያበቃ ምንም የለም። አፌ ውስጥ ሸንኮራ እንጂ ወተት አላገኘሁም።» ወደ ነጩ ዞረች። ማንኪያ ብትተክልበት ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አያችሁ!» አለ ቀበሮ ደረቱን ነፍቶ። «ማንኪያ የሚያቆም እርጎ ነው!»

«ገንፎም ማንኪያ ያቆማል» አለች ጦጢት። ሰው... ይቅርታ፣ አውሬው ሁሉ ሳቀ።

የፍየሊትን ስትቀምስ ግን ፊቷ ጭምድድ አለ፤ ከሁሉ ይልቅ ይኼ አስቂኝ ነበር። ይኮመጥጣል፣ ይጓጉላል፣ ይባስ ብሎ ከጥርሷ መካከል አንድ ነጭ ፀጉር መዝዛ አወጣች። ቀበሮ በደስታ ጭራውን ወዘወዘ። ፍየሊት ተጠራች። አንበሲት ፊት ስትደርስ ከጦጢት ኋላ ተጠጋች፤ የገበያው መሐላ ባይኖር ኖሮ መቼ ትመጣና!

«ፀጉርሽ ገብቶበታል» አለቻት ጦጢት።

«ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በሉኝ።»

«ሌላስ ምን ገብቶበታል?»

«ሌላ ምን ይገባል? ቅሉን በወይራ አጠንሁ፣ ወተቴን አስቀመጥሁ፣ ራሱ ረጋ። ሲቆይ ውኃ ከላይ ያቀርራል። እርጎ አይደል?»

ጦጢት ወደ ቀበሮ ዞረች። «ያንተስ ለምን አያቀርርም?»

«ጥራት ነዋ!» አለ ቀበሮ ሳያፍር።

 አንበሲት ወደ መካከል ገባች። «ስሙኝ። ምላስ የወደደውን ይወዳል፤ እኔ በምላስ ጨዋታ ልጄን አላሳድግም። የምፈልገው ጉልበት ነው። ከሦስቱ ጉልበት ያለው የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

 ጦጢት ራሷን አከከች፣ ጎኗን አከከች፣ በመጨረሻ ብድግ ብላ ዘለለች። «ይናጥ! የእርጎ ጉልበቱ ቅቤው አይደል? ሦስቱም በቅል ይግቡና ይናጡ፤ ያለው ይወጣል፣ የሌለውም ይታያል!»

«ኧረ በሕግ!» አለ ቀበሮ። «እርጎ የሚጠጣ እንጂ የሚናጥ...» አንበሲት ቀና ብላ አየችው። ቀሪውን ቃል ዋጠው።

ከሱቁ እርጎ ተጨምሮ ሦስት ቅል ተሞላ፤ የቀበሮን ሁለት እርጎዎች አያ ጅቦ፣ የፍየሊትን ጦጢት ይዘው መናጥ ጀመሩ። አያ ጅቦ ቅቤ የሚባል ነገር እንደሚወጣ ሲሰማ ነፍሱን አያውቅም፤ ሁለቱን ቅሎች በሁለት እጁ ይዞ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይገፋል። ፀሐይዋም አናት ትበሳለች። ቆይቶ የጦጢት ቅል ድምፁ ከበደ፤ ቧ ቧ ይል የነበረው ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ከፍታ ብታይ ቅቤው ተሰብስቦ ተንሳፍፏል፤ ጡጫ የሚያህል ድቡልቡል ያለ ነጭ ቅቤ!

«እሰይ!» አለ ገበያው።

የአያ ጅቦ ቅሎች ተከፈቱ። ከአንዱ ሮዝ አረፋ፣ ከሌላው የሚዝለገለግ ሙቅ ወጣ። ቅቤ የሚባል የለም።

«አያ ጅቦ፣ ቅቤውስ?»

«እኔ አልበላሁትም! በእናቴ አልበላሁትም!» አለ አያ ጅቦ ሊያለቅስ ደርሶ።

ቀበሮ ጊዜ አላጠፋም። «ፍየሊት ናት ቅቤ የደበቀችበት! ይቺ አታላይ! የኔ እርጎ ቅቤው ከወተቱ ጋር ተዋህዶ ነው የማይታየው፤ ይሄ ጥበብ ነው፣ ይሄ...» እያለ ሲንጣጣ ፀሐይዋ ባርኔጣውን አጋለችው። ከባርኔጣው ሥር አንድ ቢጫ ጠብታ ወርዳ ቅንድቡ ላይ አረፈች። ሌላዋ በጆሮው ወረደች።

አያ ጅቦ አፍንጫውን ቀሰረ። አሸተተ። ተጠጋ። ከዚያ ማንም ሳይከለክለው የቀበሮን ጉንጭ በረጅሙ ላሰና ፊቱ በራ።

«ወንድሜ ቀበሮ! አናትህ እንዲህ ይጣፍጥ ኖሯል? ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ!»

ባርኔጣውን በጥርሱ ነጥቆ ቢጥለው፣ የቀበሮ ራስ እንደ ሙሽራ ራስ በቅቤ ተለብጧል። በጠራራው ፀሐይ ቀልጦ እየወረደ ነው። «ወይ ጉድ!» አለ ጫካው በሙሉ።

ቀበሮ ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፣ መሄጃ ሲያጣ እውነቱን አወጣ። ወተቱን መጀመሪያ ይንጠውና ቅቤውን ያወጣል፤ የሚያምረውን ይቀባል፣ የሚጣፍጠውን ይበላል። በቀረችው አሬራ ላይ ዱቄት እየበጠበጠ ያፈላና ያወፍራታል። ሮዙ ላይ የሸንኮራ ውኃና ቀይ ሥር ይጨምርበታል። ከዚያ ላም መሳል ነው። ሁሉንም እየተንተባተበ ተናገረ።

አንበሲት ተናደደች። ከንዴቷ ይልቅ ግን ሐዘኗ ባሰ። «በእጄ ነው እኮ ያጠጣሁት» አለች። «ሲያለቅስ ባየሁ ቁጥር ጨምሬ ያጠጣሁት እኔው ነኝ!» ገበያው አንገቱን ደፋ። 

አንበሲት ቀና አለች። «የዛሬው መሐላ ባይኖር ኖሮ ለአንድ ጉርሻም አትበቃኝም ነበር። አሁን ግን ፍርዴን ስማ። ልጄ በእግሩ እስኪቆም ድረስ አንተም ከራስህ እርጎ በቀር ምንም አትቀምስም። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ አይጥ እንኳ የለም። ጦጢት ከዛፍ ላይ ትጠብቅሃለች።»

አያ ጅቦ እጁን አወጣ። «እመቤቴ፣ እኔም ጥፋተኛ ነኝ! እኔም አብሬው ልቀጣ! ኩባያው እንዳያልቅ ብቻ።» አባረሩት።

አንበሲት ወደ ፍየሊት ዞረች። «አንቺ ከዛሬ ጀምሮ እርጎሽን ለእኔ ታመጫለሽ። እኔም አልነካሽም።»

«እስከ መቼ?» አለች ፍየሊት እየተርበተበተች።

«እርጎው እስኪያልቅ።»

«እንግዲያ እርጎው አያልቅማ!» አለች ፍየሊት፣ ወዲያው እፎይ ብላ።

ቤት ሲገቡ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ዱርፈራው የፍየሊትን እርጎ ገና ሲያሸተው ፊቱን አዞረ። ሲያስገድዱት ተፋው። ምላሱ ሸንኮራ ለምዷል፣ እሪ እያለ ሮዙን ይጠይቃል። እናት ልጇ ሲያለቅስ እያየች እንዴት ትቻለው? ግን ጨከነች። ለእንግዳ መጠጥ የሚቀዳ ሁሉ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የለ? አንበሲትም በመዳፏ ላይ እርጎ አፈሰሰችና ዓይኑን እያየች ላሰችው። ኮመጠጣት፤ ሲኮመጥጣት ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች። ዱርፈራው አያት። ከመዳፏ የቀረችውን ጠብታ ላሰ። ተንገሸገሸ። ደግሞ ላሰ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ። ሆዱ ጎደለ፣ ጀርባው ሞላ፣ ፀጉሩ አበራ። ግን እግሩ ገና ነው፣ ሰማዩ ደግሞ እየጠራ፣ በጋው እየቀረበ ነው።

በዚያ ሰሞን ጫካው ውስጥ ለዱርፈራው እንደ ቀበሮ የጸለየ አልነበረም። ጎህ ሲቀድ ከዋሻው ደጃፍ አይታጣም። ከራሱ ሱቅ እርጎ በቀር የቀመሰው ነገር የለም፤ በጠጣ ቁጥር ሆዱ ይነፋል፣ ጎኑ ይሰረጉዳል። ከዛፍ ላይ የምትጠብቀውን ጦጢትን ሽቅብ እያየ ይጠይቃል። «ዛሬስ ቆመ?»

«ገና ነው። ጠጥተሃል?»

«ጠጣሁ፣ ምን ላርግ።»

«እንዴት ነው? ይጣፍጣል?»

 ቀበሮ ጉልበቱን አቅፎ ዋሻው ደጃፍ ይቀመጣል።

አንድ ጠዋት ዱርፈራው ተነሣ። ቆመ፣ ተወዛወዘ፣ እናቱ ትንፋሿን ያዘች፤ አልወደቀም። አንድ እግሩን አነሣ፣ ሌላውን አስከተለ፣ ከዋሻው ወጣና ፀሐይ ላይ ቆመ። አንበሲት ማልቀስና መሣቅ አንድ ላይ መጣባት። ሁሉም እልል ሊል ሲል፣ መጀመሪያ እልል ያለው ደጃፉ ላይ የተኮራመተው ቀበሮ ነበር፤ ደግሞም ከልቡ ነበር። እልልታው ሳያልቅ ሊነሣ ቢሞክር ግን ጉልበቱ ከዳውና እጥፍ ብሎ ወደቀ።

ዱርፈራው ቀረብ ብሎ አየው። አሸተተው። በጣም አዘነለት።

«እማዬ፣ ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሆነ?»

«ምንም አልሆነ ልጄ» አለች አንበሲት። «ሲሸጥልን የነበረውን ጠጥቶ ነው።»

ከዚህ የምንማረው ምላስ የወደደው ሁሉ ለጉልበት እንደማይሆንና፣ ለሌላ ሰው ልጅ የምናቀርበውን ነገር አስቀድመን እኛው ልንኖርበት የምንችለው መሆኑን መጠየቅ እንዳለብን ነው።