አህያዋና የነብሩ ሳል

ተረቴ መጣች፣ ጆሯችሁን አውሱኝ። ሐር በሚፈተልበት በሩቅ ምሥራቅ አገር፣ ንጉሡን ነብር ክፉ ሳል ያዘውና ሐኪሙን ጦጣን አስጠራ።

«ጃንሆይ፣ የአህያ ቆዳ እንደ ሙጫ እስኪሆን ተቀቅሎ ቢጠጡት ይሻልዎታል» አለ ጦጣ።

ወዲያው ድስት ተጣደ፤ አህያም ተይዛ ቀረበች። እሷ ግን ጀርባዋን ወደ ንጉሡ አዞረች።

«ጃንሆይ፣ ይህን ገጣባ ይዩልኝ። የእርስዎን ማገዶ ስሸከም የወጣብኝ ቁስል ነው። ቆዳዬ መድኃኒት ከሆነ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለብሼው ስኖር እኔን ለምን አላዳነኝም?»

ነብሩ ጦጣን አየው። ጦጣ «እሱማ... የሚሠራው ለሌላ ነው» ብሎ አጉተመተመ።

አህያዋ ድስቱን በእርግጫ ገለበጠችውና ወደ በሩ ሄደች።

«ያዟት!» አለ ነብሩ እየሳለ።

ዘበኞቹ ውሾች ግን የየራሳቸውን ቆዳ አየት አደረጉና መንገድ ለቀቁላት።